ከሁሩሙ እስከ መካኒሳ፦ የነገረ መለኮት ማስተርስ ምን ያፈራል?

ከመቱ ተነስቶ ወደ በደሌ የሚጓዝ ሰው ያዮ ከመድረሱ በፊት ሁሩሙን ያልፋል። አውቶቡሱ ብዙ አይቆምባትም። ስለ ኢሉባቦርና ስለ ሴሚናሪ ትምህርት የሚያወጋ ሰው ግን ከሁሩሙ መጀመር አለበት፤ ከዚህ አገር ወጥተው ሴሚናሪ ከገቡት ሰዎች ሁሉ ስማቸው የገነነው ኦኔሲሞስ ነሲብ የተወለዱት እዚያ አካባቢ፣ በ1856 ገደማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር። ገና በልጅነታቸው የባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀዋቸው፣ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ። በ1870 ቬርነር ሙንሲንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ነፃ አወጣቸውና እምኩሉ ላይ ትምህርት ቤት ለነበራቸው የስዊድን ሚስዮናውያን አስረከባቸው። በ1872 ተጠመቁ። በትምህርታቸው ጎበዝ ስለነበሩ ሚስዮኑ ወደ ስዊድን ላካቸው፤ ስቶክሆልም አጠገብ በነበረው የዮሐኔሉንድ ሴሚናሪ አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ተመለሱ።

የተማሩትም የተላኩትም ወንጌልን ለኦሮሞ ሕዝብ ለማድረስ ነው። በሱዳን በኩል ለመግባት ሞከሩ፤ አልሆነም። እምኩሉ ተመልሰው ብዕር ጨበጡ። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893 ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ ቅድስት ክሪሾና ሲታተም ፊደሉ የግእዝ ፊደል ነበር። እንደ እርሳቸው ከባርነት የወጡት አስቴር ጋኖ ቃላቱን፣ ተረቱንና ዘፈኑን እየሰበሰቡ አብረዋቸው ደከሙ፤ በ1894 የወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ የሁለቱ የጋራ ሥራ ነው። ኦኔሲሞስ ወለጋ የገቡት በ1904 ነው። እዚያም ብዙ ሳይቆዩ ተከሰው አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡና ተፈረደባቸው። አፄ ምኒልክ ፍርዱን አቅልለው ነቀምቴ እንዲቀመጡ ፈቀዱ፤ መስበክ ግን ተከለከሉ። በነፃነት እንዲያስተምሩ የፈቀዱላቸው ልጅ ኢያሱ ናቸው፣ በ1916። በ1931 ነቀምቴ ላይ አረፉ።

ዮሐኔሉንድ እንደ ዘመኑ ኮሌጆች ከምረቃ በኋላ ቅጽ እየላከ «ሥራ ይዘዋል? የተመደቡበት ቦታ ደርሰዋል?» እያለ ቢጠይቅ ኖሮ፣ በ1882 ስለ ኦኔሲሞስ የሚመዘገበው መልስ አጭር ነበር፦ አልደረሱም። ያ መዝገብ ሐሰት አይሆንም ነበር፤ ግን ከንቱ ነው። የነገረ መለኮት ትምህርት ፍሬ በዓመትና በሁለት ዓመት አይቆጠርም የሚሉ አስተማሪዎች ሲያመካኙ ይመስለን ይሆናል። የሁሩሙው ሰው ታሪክ ግን ነገሩ ማመካኛ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ሴሚናሪ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሚሰለጥንበት ኮሌጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሃይማኖትን እንደ አንድ የጥናት ዘርፍ ከውጭ ሆኖ ሊመረምር ይችላል። ሴሚናሪ ግን ተማሪውን የሚቀበለው ከምእመናን እጅ ነው፤ የሚመልሰውም ለእነርሱ ነው። ስለዚህ የተማሪው ፈተና ሁለት ነው። አንዱን መምህሩ ያርማል። ሌላውን የሚያርመው «የላክነው ልጅ ይኸው ነው ወይ?» ብሎ የሚጠብቀው ማኅበረ ምእመናን ነው፤ ማርኩን የሚሰጠውም ዘግይቶ ነው።

መቱ ላይ የሚጠብቀው ማኅበረ ምእመናን ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የኢሉባቦር ቤቴል ሲኖዶስ ጽሕፈት ቤት ያለው በዚህችው ከተማ ነው። ቤቴል የሚለው ስም የመጣው ከአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ወገን ነው፤ ሚስዮናውያኑ በ1919 ሳዮ፣ በዛሬ ስሟ ደምቢ ዶሎ ገቡ፤ ኋላም የኢሉባቦር መናገሻ በነበረችው ጎሬ ጣቢያ ከፈቱ። ጣሊያን ሲገባ እነርሱ ወጡ፣ ሥራው በአገሬው ሰው እጅ ቀረ። ከእነዚያ የአገሬው ሰዎች አንዱ በፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጡት ቄስ ጊዳዳ ሶለን ናቸው፤ የኋለኛው ፕሬዚዳንት የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አባት። በ1947 ቤቴል ራሷን የቻለች ቤተ ክርስቲያን ሆነች፤ በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። እንግዲህ መሠረቱ የቆመው በዲግሪ አይደለም። ዛሬም ገጠር ውስጥ «ያለ ማስተርስ ወንጌል መጥቶልናል» የሚል ሽማግሌ ቢገጥምህ ታሪኩ ይደግፈዋል።

ሽማግሌው የማያየው ግን አድማጩ መለወጡን ነው። መቱ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ሥራ ከጀመረ ወዲህ እሑድ ጠዋት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ወጣት ሲቪል ምሕንድስና ወይም ሕግ የሚያጠና ነው፤ ስልኩ ላይ ከመላው ዓለም የሚለቀቅ ስብከት አለ። ከእያንዳንዱ ስብከት ጋር ደግሞ አዲስ ትምህርት፣ አዲስ ነቢይ፣ አዲስ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይመጣል። ያንን ወጣት «ዝም ብለህ እመን» ብሎ ማቆየት አይቻልም። የሁለተኛ ዲግሪው አስፈላጊነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ወጣቱ መጀመሪያ በአጥቢያው ይዘምራል፣ ያስተምራል፣ ወንጌላዊ ይባላል። ከዚያ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ይገባል። የተሳካለት አዲስ አበባ መካኒሳ ወደሚገኘው መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ይላካል፤ ይህ ሴሚናሪ የተከፈተው በ1960 ነው፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1959 በተመሠረተች ማግስት ማለት ይቻላል። (ግቢው ውስጥ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አለው። ጎብኚ ሲሰማ ይደነቃል፤ እኔ ግን ለዘማሪ አገር የሚገባ ነው እላለሁ።) ለወለጋና ለአካባቢው አይራ ላይ ሌላ ሴሚናሪ አለ። ስሙ ኦኔሲሞስ ነሲብ ሴሚናሪ ነው።

ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለመማር የፈለገ ሰው ለረጅም ጊዜ ምርጫው ውጭ አገር መሄድ ነበር፦ ናይሮቢ፣ አውሮፓ፣ አሜሪካ። ሄዶ የሚቀረው ብዙ ነበር። በ1997 መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪና የወንጌላዊ ነገረ መለኮት ኮሌጅ ተባብረው የኢትዮጵያ የድኅረ ምረቃ ነገረ መለኮት ትምህርት ቤትን አዲስ አበባ ላይ አቋቋሙ፤ ሰው በምሕጻሩ ኢ.ጂ.ኤስ.ቲ. ይለዋል። ሉተራኑ፣ ቃለ ሕይወቱ፣ ሙሉ ወንጌሉ አንድ ክፍል ተቀምጦ የሚከራከርበት ቤት መሆኑ ራሱ ትምህርት ነው። ጥምቀትን ለሕፃን የሚሰጥና የማይሰጥ ሁለት ቄሶች አንድ ገጽ የግሪክ ጽሑፍ ላይ አብረው ሲያጎነብሱ ክርክራቸው ከጩኸት ወደ ሰዋስው ይወርዳል።

ወደ ማስተርስ ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የእንግሊዝኛ ችሎታና የመግቢያ ፈተና ይጠየቃል። ከዚህ ሌላ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ የድጋፍ ደብዳቤ አለ፤ ዩኒቨርሲቲዎች የማይጠይቁት ይህን ነው። የዲግሪዎቹ ስም ሰውን ያደናግራል። ኤም.ኤ. አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዘርፍ ሁለት ዓመት ነው። ኤም.ዲቭ. የሚባለው ለቅስና የሚያዘጋጅ ሲሆን በብዙ አገር ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ ከስብከት እስከ ምክር አገልግሎት ሁሉን ይነካል። ኤም.ቲ.ኤች. ለምርምርና ለማስተማር ለሚያስብ ሰው ነው። አንድ ማኅበረ ምእመናን «ማስተርስ ይማር» ብሎ ሲልክ ከሦስቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አስቀድሞ ቢያውቅ፣ በኋላ የሚመጣው ቅሬታ ግማሹ አይኖርም ነበር።

ከትምህርቱ ሁሉ ከባዱ ቋንቋ ነው። ከኢሉባቦር የመጣ ተማሪ የሚሰብከው በኦሮምኛ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ የሚግባባው በአማርኛ ነው፣ የሚያነበውና የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ላይ ዕብራይስጥና ግሪክ ይጨመርበታል። የፍቺ ሥራ የሚባለው አንድ አንቀጽ ይዞ የጥንቱን ጽሑፍ ማየት፣ የቃሉን አገባብ መመርመር፣ የተጻፈበትን ዘመን ማጥናት፣ የቀደሙት ሊቃውንት ያሉትን ማመዛዘን፣ ከዚያ ለዛሬ አድማጭ ምን ይላል ብሎ መመለስ ነው። ለአሥር ቁጥር ሃያ ገጽ ይጻፋል። ተማሪው መጀመሪያ ይናደዳል፤ የሚያውቀው ስብከት በአንድ ሌሊት ጸሎት የሚዘጋጅ ነበርና። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን የሚናደደው በሌላ ነገር ነው፦ ቁጥሩን ከቦታው ነቅሎ የፈለገውን በሚያስብለው ሰባኪ። ሴሚናሪ ከሚሰጠው ነገር ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን የሚጠቅማት ይህ ንዴት ይመስለኛል።

አባቶቻችን ይህን ሥራ አያውቁትም ነበር ማለት ግን ድፍረት ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ከንባብ ቤት ጀምሮ በዜማና በቅኔ አልፎ መጻሕፍት ቤት ሲደርስ፣ የብሉይ፣ የሐዲስና የሊቃውንት ትርጓሜ ዓመታት ይፈጃል። ድኅረ ምረቃ ከተባለ ድኅረ ምረቃ ይሄ ነው። የምስክር ወረቀቱ የመምህሩ ቃል ነበር። በ1929 ካይሮ ላይ ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ፣ በ1936 ጣሊያን ጎሬ ላይ የረሸናቸው አቡነ ሚካኤል፣ የዚህ ትምህርት ፍሬ ናቸው። ኢሉባቦር የነገረ መለኮት ምሩቅ እስከ ምን እንደሚታመን ያየችው ያኔ ነው።

ዘመናዊው ደረጃ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ኮሌጅ መጣ። ኮሌጁ በ1961 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቀለ፤ ደርግ ዘጋው፤ በ1994 እንደገና ተከፈተ። ከዚያ ግቢ የወጡ ሰዎች የሄዱበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሥላሴ ተምረው፣ ካይሮ በኮፕት ቴዎሎጂ ኮሌጅ ቀጥለው፣ ቱቢንገን ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ መጨረሻ ሚኒሶታ ተቀምጠው በሺሕ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን መዝገብ ሠሩ፤ በ1988 የማካርተር ሽልማት ተቀበሉ። ሰባኪ አልሆኑም። ማን ነው ትምህርቱ ባከነ የሚለው? አቡነ ጳውሎስ ደግሞ ከሥላሴ ወጥተው ኒው ዮርክ ቅዱስ ቭላዲሚር ሴሚናሪ፣ ቀጥሎም ፕሪንስተን ገቡ። ዶክትሬታቸውን ሳይጨርሱ አገር ተጠርተው በ1975 ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ ደርግ አሰራቸው፤ የተፈቱት በ1983 ነው። ተመልሰው ፕሪንስተን ገብተው ጨረሱ፤ በ1992 ፓትርያርክ ሆኑ። በኮሌጅ ሰንጠረዥ ላይ እንዲህ ያለ ሰው «በወቅቱ ያላጠናቀቀ» ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ሰንጠረዡን የምንቀው ግን አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ማኅበር አባላቱ ከገቡት ስንቱ እንደተመረቀ፣ ከተመረቁት ስንቱ የት እንደተመደበ ለሕዝብ እንዲገልጹ ይጠይቃል። መልካም ልማድ ነው። ለምን እንደሆነ የሚያሳየው የጓቲማላ ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚያ የነበሩ ፕሬስቢቴሪያኖች፣ የቤቴል የእምነት ዘመዶች፣ ሴሚናሪያቸው ያስመረቃቸው የት እንዳሉ ቆጠሩ። አገልግሎት ላይ ያገኙት ጥቂቱን ነው። ከገጠር መጥቶ ዋና ከተማ የተማረው ወደ ገጠር አልተመለሰም። ሴሚናሪውን ከዋና ከተማ አውጥተው ወደ ገጠር ቢወስዱትም ችግሩ አልተፈታም፤ ቤተሰብና እርሻ ያለው ሽማግሌ ሁሉን ጥሎ ሊማር አይችልም። በ1963 ነገሩን ገለበጡት፦ ተማሪው ባለበት ይቀመጥ፣ መምህሩ ወደ እርሱ ይሂድ። የነገረ መለኮት የርቀት ትምህርት የተወለደው እንዲህ ነው፤ በኋላ አፍሪካን አዳረሰ፣ ኢትዮጵያም ገባ።

የጓቲማላው በሽታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለዲግሪ ያዥ ግን መንገዱ ሲመለስ ይረዝማል። ልጆቹ ከተማ ትምህርት ጀምረዋል። ሚስቱ ሥራ ይዛለች። በጎ አድራጎት ድርጅት እንግሊዝኛና ሪፖርት መጻፍ የሚችል፣ ሰው የሚያምነው ሠራተኛ ይፈልጋል፤ የሴሚናሪ ምሩቅ ደግሞ ሁሉንም ነው። የገጠር ማኅበረ ምእመናን የሚከፍለው ከአሥራት ነው፣ የኢሉባቦር አሥራት ደግሞ ከቡና ጋር ይወጣል ይወርዳል። ቡና ሲለቀም ሣጥኑ ይሞላል፤ ክረምት ላይ የቄሱ ደመወዝ ይዘገያል። ይህን እያወቁ ያልተመለሰውን ልጅ «ከዳን» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ያልተመለሰበትን ምክንያት ያዘጋጀው ላኪው ራሱ ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል መመለስ ብቻውን ፍሬ አይደለም። ተመልሶ ቢሮ የሚቀመጥ አለ። ሲኖዶስ የተማረ ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ የሚሰጠው ቁልፍና ማኅተም ነው፤ ግሪክኛ የተማረው ሰው የመኪና ነዳጅ ይፈርማል። ይህ ከሁሉም የባሰው ብክነት ነው፤ በሰንጠረዥ ላይ ግን «ተመድቧል» ተብሎ በደንብ ያምራል።

መመለስ ምን ሊመስል እንደሚችል ለማየት ቄስ ጉዲና ቱምሳን ማየት ነው። በ1929 ቦጂ ተወልደው፣ ነቀምቴ ሆስፒታል በድሬሰርነት ሠርተው፣ ከ1963 እስከ 1966 ሚኒሶታ ሉተር ሴሚናሪ ተማሩ። መጥተው የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። እርሳቸውም ቢሮ ነው የገቡት፤ ግን ነገረ መለኮቱን በር ላይ አልተዉትም። በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ ለጋሾች የጻፈችው ደብዳቤ የእርሳቸው አእምሮ ያለበት ነው፦ ለልማት ገንዘብ እየሰጣችሁ ለስብከት የምትነፍጉን ሰውን ለሁለት ከፍላችሁ ነው፣ እኛ ግን ሰውን ሙሉ አድርገን ነው የምናየው የሚል ሐሳብ የያዘ። ደብዳቤው በዓለም የሉተራን ጉባኤዎች ለዓመታት አነጋገረ። አብዮቱ ሲመጣ አገር ለቀው እንዲወጡ ዕድል ነበራቸው፤ አልወጡም። ሐምሌ 1979 ታፍነው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው በ1992፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ሌላው ውጤት ሴቶች ናቸው፣ ይህንም በአጭሩ ልለፈው። ሴሚናሪው ሴቶችን ሲያስተምር ቆይቶ መጨረሻ ላይ ቤተ ክርስቲያኒቱ እነዚህን የተማሩ ሰዎች ምን ላድርጋቸው የሚለው ጥያቄ ገጠማት። በ1997 የሴቶችን ቅስና ፈቀደች፤ የመጀመሪያዋ ቄስ በ2000 ተሾመች። ክፍሉ ከመድረኩ ቀድሞ ነበር ማለት ነው።

የመንግሥት ጉዳይም አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። የነገረ መለኮት ዲግሪ የያዘ ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲያመለክት ወረቀቱ እንደ ሌላው ዲግሪ እንዲቆጠርለት ባይጠብቅ ጥሩ ነው። የሴሚናሪዎቹን ደረጃ የሚመዝኑት እንደ አክቲያ ያሉ የአፍሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት ማኅበራት ናቸው። ወላጅና ተማሪ ይህን ከመግባታቸው በፊት ማወቅ አለባቸው፤ ከምረቃ በኋላ የሚሰማ ዜና መሆን የለበትም።

ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረው ፍሬ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። የቤቴልን ታሪክ ከ1919 ጀምሮ የቤቴል ሰው እንዲጽፈው ያደረገው ሴሚናሪ ነው፤ ቄስ ዶክተር ደበላ ቢሪ ቺካጎ ሉተራን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በ1995 ያቀረቡት የዶክትሬት ሥራ ርእሱ ይኸው ነበር። ስለ እርቅና ሽምግልና፣ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን ሆነው ስለሚኖሩ ወንድማማቾች፣ ቡና ለቀማ ላይ ስለሚውሉ ሕፃናት የኢሉባቦር ተማሪ የሚጽፈው ነገር አያጣም። እነዚህን ከሱ የተሻለ ማንም አያውቃቸውም፤ የግሪኩና የዕብራይስጡ ሥልጠናም የሚፈለገው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ አምላክ ምን ይላል ብሎ ለመመለስ ነው።

ስለዚህ ለላኪ ማኅበረ ምእመናን ሽማግሌዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ለልጃችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፉ ሁለተኛ ገጽ ጨምሩ። ሲመለስ የሚያስተምርበትን ቦታ፣ የምትከፍሉትን ደመወዝና በክረምት ከየት እንደምትከፍሉት ጻፉበት። የሚያጠናውን ርእስ ከእናንተ ጋር ተነጋግሮ እንዲመርጥ ጠይቁት። ሲጨርስም የመመረቂያ ጽሑፉን አንድ ቅጂ ለመቱ እንዲያመጣ፣ ፍሬ ነገሩንም አንድ እሑድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ በኦሮምኛ እንዲያስረዳችሁ ከአሁኑ አስፈርሙት።